ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በራስ መኪና፦ የክረምት ጉዞ ከወረቀቱ እስከ ጎማው

ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለዝናብ ብቻ ተዘጋጅቶ ነው የሚነሳው። ዝናቡ ግን ከመንገዱ ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። የመሀል አገሩ ክረምት ወደ ደቡብ እየሳሳ ሄዶ ከቡሌ ሆራ (ሀገረ ማርያም) ወዲያ ይለቃል። የቦረናና የሰሜን ኬንያ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ እዚያ የሚጠብቃችሁ ነፋስና አቧራ ነው። ከዚያ የኬንያዋ ኢሲዮሎ ከተማ ላይ በላብ ትጠመቃላችሁ፤ ከኢሲዮሎ ሁለት ሰዓት ባልሞላ መንገድ ናንዩኪ ላይ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ብርድ አለ። ናይሮቢም ብትሆን ሐምሌ የዓመቱ ቀዝቃዛ ወሯ ነው፤ ሰማዩ ተደፍኖ ይውላል፣ ያካፋል።

ርቀቱ በጠቅላላው ወደ 1,550 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ግማሹ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ግማሹ ኬንያ ውስጥ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ የነበረው መኪና የሚያረግፍ ፒስታ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። አንድ ሾፌር ላለው መኪና አምስት ቀን ይበቃል፤ አዳሩ ዲላ፣ ሞያሌ፣ ማርሳቢትና ናንዩኪ ሆኖ በአምስተኛው ቀን ናይሮቢ ይገባል። በሦስት ቀን የሚጨርሱት አሉ፤ ማታ ስለሚነዱ ነው። ከሻሸመኔ ወዲያ ማታ አትንዱ። ከብት፣ ግመል፣ መብራት የሌለው የቆመ ከባድ መኪና፣ በአንዳንድ ወቅትም የጸጥታ ችግር አለ፤ በሦስት ቀን መግባት ይህን ሁሉ አያዋጣም።

ይህ መመሪያ ለቤንዚንና ለናፍጣ መኪና ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ይህን መንገድ ተዉት፤ በተለይ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ባለው በረሃ ተማምናችሁ የምትገቡበት ቻርጅ ማድረጊያ የለም።

ወረቀት፦ አንድ ወር ሲቀር

በዚህ ጉዞ ሦስት የተለያዩ ነገሮች «ቢጫ ካርድ» ይባላሉ፤ ሰው ሲያደናግሩ ይኖራሉ።

የመጀመሪያው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው ካርዱ የሚጸናው፤ ስለዚህ በመነሻው ዋዜማ የተከተበ ሰው ካርድ ይዞ ካርድ እንደሌለው ሊቆጠር ይችላል። አንዴ የተከተበ ለዕድሜ ልኩ ነው፤ ድሮ 10 ዓመት ብቻ ይል የነበረውን ካርድ አትጣሉት።

ሁለተኛው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው። የመኪናችሁ የሦስተኛ ወገን መድን ድንበር ላይ ያበቃል፤ ይህ ካርድ ነው ኬንያ ውስጥ የሚተካው። መኪናችሁን ያስገባችሁበት መድን ድርጅት ሄዳችሁ የአገሩን ስምና የቆይታውን ቀን ነግራችሁ ታወጣላችሁ። ካርዱ ሌላ ሰው ላይ የምታደርሱትን ጉዳት እንጂ የራሳችሁን መኪና አይሸፍንም። ሙሉ መድን ካላችሁ ሽፋኑ እስከ ኬንያ እንዲዘረጋ በጽሑፍ ጠይቁ፤ «ይሸፍናል» የሚል የቃል መልስ ማርሳቢት ላይ አይሠራም።

ሦስተኛው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው። የሚመለከተው የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁትን ነው። መታወቂያው ካላችሁ ስትመለሱ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ከሌላችሁ ግን በቦሌ የገባችሁበት ቪዛ አንዴ ሲወጡ ሊያበቃ ይችላል፤ አዲሱን በየብስ፣ ያውም በሞያሌ በኩል መጠቀም መቻላችሁን አዲስ አበባ እያላችሁ አጣሩ። ናይሮቢ ደርሶ መኪናን ትቶ በአውሮፕላን መመለስ ውድ ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለኬንያ ቪዛ አያስፈልግም። ሆኖም ኬንያ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተጓዦች የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ሥርዓት ዘርግታለች፤ ከፈቃዱ ነፃ የሚሆኑት አገሮች ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል። በመነሻችሁ ሳምንት የኬንያ ኢሚግሬሽንን ይፋዊ ገጽ ተመልከቱ። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ለሚጓዝ ልጅ የሌላኛው ወላጅ የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ ይያዝ።

የመኪናው ወረቀት ከሰው ወረቀት ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ሊብሬው ዋናው መሆን አለበት። በስማችሁ ካልሆነ ከአገር መውጣትን በግልጽ የሚፈቅድ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውክልና ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ያስፈልጋል። መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት የባንኩ ደብዳቤ፣ ከቀረጥ ነፃ ከገባ የጉምሩክ ፈቃድ ይታከልበታል። መኪናው ወጥቶ እንደሚመለስ የሚያሳየውን ጊዜያዊ የመውጫ ፈቃድ ጉዳይ ከጉምሩክ ኮሚሽን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ዋስትና ሊጠየቅ ስለሚችል ሞያሌ ላይ አርብ ከሰዓት የሚጀመር ጉዳይ አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ስለሚመሳከር በክረምቱ ጭቃ የተሸፈነ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና ፎቶ አንሱት።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ ቀን አቆጣጠር። ቦሎው ላይ 2018 ተብሎ የተጻፈን ዓመት የኬንያ ትራፊክ ፖሊስ ሲያየው ብዙ ዓመት ያለፈበት ይመስለዋል። መድኑም ሆነ ሌሎቹ ወረቀቶች በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፉላችሁ ጠይቁ፤ ለቦሎው ደግሞ የምርመራ ወረቀቱን የተረጋገጠ ትርጉም ያዙ። ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጎን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ቢኖር በየኬላው ማብራሪያ ይቀንሳል። ሁሉንም ወረቀት አራት አራት ኮፒ አድርጉ፤ ሞያሌ ላይ መብራት የሚጠፋው ኮፒ በምትፈልጉበት ሰዓት ነው።

መኪናው፦ ሁለት ሳምንት ሲቀር

ጋራዥ የምትወስዱት ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ነው፤ የተቀየረ ዕቃ ስህተት ካለበት ከተማ ውስጥ ይታይ።

ከጎማው ጀምሩ። በጎማው ጎን ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ገና ቢሆንም ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በዚህ መንገድ አታምኑት፤ ጎማው ይደርቅና የማርሳቢት ሙቀት ላይ ይላጣል። የታደሰ ጎማ ጨርሶ አይሆንም። የጥርሱ ጥልቀት 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በእርጥብ አስፋልት ላይ ውሃ የማስወጣት አቅሙ ይወድቃል፤ ሕግ ከሚፈቅደው ይልቅ ይህን መለኪያ ያዙ። ስኮርታውም እንደሌሎቹ ሙሉ ጎማ ይሁን፣ ነፋሱም ይታይ።

ነፋሱን አዲስ አበባ ላይ ሞልቶ መርሳት የተለመደ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ ሞያሌ ደግሞ ወደ 1,100 ሜትር ላይ ናት። ዝቅ ስትሉ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር ጎማው ሳይተነፍስ እንኳ መለኪያው ከ1 ተኩል እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ነፋስ መለኪያ አሃድ) ቀንሶ ያሳያል። በሌላ በኩል ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራል። ስለዚህ ቀን፣ ጎማው ግሎ እያለ አትለኩ፤ አታስተንፍሱም። ጠዋት ከመነሳት በፊት፣ በየአዳሩ፣ በበሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር አስተካክሉ። ሰውና ዕቃ የሞላ መኪና ከሆነ ለሙሉ ጭነት የተሰጠውን ቁጥር ተከተሉ።

ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ አስደፍታችሁ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ አስሞሉ። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ችግሩ ዳገት ላይ ይወጣል። ክዳኑ ላይ ያለው ላስቲክ ከተሰነጠቀ ክዳኑን ቀይሩ፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ብዙ ሞተር ግን በሱ ምክንያት ነው የተቃጠለው። የራዲያተሩን ክንፎች ጭቃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ፣ ቀስ ባለ ውሃ አሳጥቡ፤ በኃይለኛ ግፊት ካጠባችሁት ክንፎቹ ይተኛሉና አየር አያሳልፉም። ቺንጋው ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ይቀየር፤ አሮጌው ለመጠባበቂያ ይያዝ።

የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ ቀይሩ። በአዲስ አበባ ፀሐይ የከረመ ላስቲክ የመጀመሪያው ዝናብ ላይ መስታወቱን ከመጥረግ ይልቅ ቅባቱን ያዳርሰዋል። መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት ሲይዝ በጨርቅ መጥረግ መፍትሔ አይደለም፤ ኤሲውን ከሙቅ አየር ጋር አብሩና አየሩ ከውጪ እንዲገባ አድርጉ። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ በሁለት ደቂቃ ይጠራል። አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር የሚያደርገው ቁልፍ ከተጫነ ግን አይጠራም፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ ነው የሚዞረው።

የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ባትሪ፣ የአየር ፊልትሮ ይታዩ። ፊልትሮውን አዲስ አስገብታችሁ አሮጌውን አስነፍታችሁ ያዙ፤ ማርሳቢት ላይ ትፈልጉታላችሁ።

የሚጫነው

- ክሪክ፣ ከሥሩ የሚገባ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ (ክሪክ ጭቃ ላይ ይሰምጣል)፣ የቸርኬ ብሎን መፍቻ፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ የጎማ መንፊያ
- ሁለት የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ ቀኑ ያላለፈ እሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፤ ኬንያ ኬላ ላይ እነዚህን ይጠይቃሉ
- 4 ሊትር የተዘጋጀ ኩላንት፣ 1 ሊትር የሞተር ዘይት፣ ፊውዝና የፊት መብራት አምፖል፣ መጎተቻ ገመድ፣ ሽቦ፣ ሰፊ ጥቁር ቴፕ
- ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ፣ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ
- ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ የነፋስ ጃኬት፣ አጎበር፤ ሞያሌና ኢሲዮሎ ወባ አለ

ፌስታል ከመኪናው ይውጣ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱ ቀላል አይደለም። ሁላችንም ወንበር ሥር የምንጎስረውን አሮጌ ፌስታል ጭምር ነው የምላችሁ። ዳቦ ቆሎውን፣ በሶውን፣ ቋንጣውን በጨርቅ ከረጢትና በክዳን ዕቃ አድርጉ። የቻርጀር መሰኪያም ይለያል፤ ኬንያ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሶኬት ነው የምትጠቀመው።

ነዳጅ በጀሪካን አትጫኑ። በኢትዮጵያ ማደያ በጀሪካን ማስቀዳት አይፈቀድም፤ ጀሪካን ይዞ ድንበር መሻገርም ኮንትሮባንድ ያስመስላል። ከዚህ ይልቅ ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። ከሞያሌ ማርሳቢት ያለው ረጅም ባዶ ርቀት 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትጠጣ መኪና 25 ሊትር ትፈልጋለች፣ የበረሃው ነፋስ ታክሎበት 30 አስቡ።

አንደኛውና ሁለተኛው ቀን፦ ዝናብና ጭጋግ

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው፤ ጠዋት የተነዳ ኪሎ ሜትር የተረፈ ኪሎ ሜትር ነው። በአዳማው ፈጣን መንገድ ወጥታችሁ ሞጆ ላይ ወደ ባቱ (ዝዋይ) በሚወስደው ፈጣን መንገድ ትታጠፋላችሁ። መንገዱ ጥሩ ስለሆነ ሰው 120 ይነዳል፤ በእርጥብ መንገድ ከ80 በላይ ጎማው ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። መሪው በድንገት ቀለል ካለ ተንሳፍፋችኋል ማለት ነው። ፍሬን አትያዙ፣ መሪ አትጠምዝዙ፤ ነዳጁን ብቻ ልቀቁት።

ከባቱ በኋላ ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት ይጀምራል። ሻሸመኔን ቶሎ እለፉ። ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ምሳ በልታችሁ፣ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ቴሌብር ላይ ለሁለተኛውም ቀን ማደያ የሚበቃ ብር እንዳለ አይታችሁ ወደ ዲላ ቀጥሉ። አመሻሽ ላይ ከባድ ዝናብ ከመጣ ሀዋሳ እደሩ፤ የቀረችው 90 ኪሎ ሜትር ለነገ ብትተላለፍ ምንም አይደለም።

ከዲላ እስከ ቡሌ ሆራ ያለው ወደ 110 ኪሎ ሜትር የዝናቡ ክፉ ክፍል ነው። መንገዱ በቡናና በእንሰት መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ዳገቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር በዝናብ ታጥቦ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ቀይ ጭቃ የተቀባ አስፋልት ከውሃው የከፋ ነው፤ መታጠፊያ ውስጥ ሳትገቡ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ መታጠፊያው ውስጥ ፍሬን አትንኩ። በይርጋጨፌ አካባቢ ጠዋት ጭጋግ ይወርዳል። አጭር መብራት አብሩ፤ ረጅሙ ጭጋጉን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳት ልማድ ሆኗል፤ የኋላው ሰው የቆማችሁ ይመስለዋል፣ ስትታጠፉም ምልክታችሁ አይለይም። ከመቆም በቀር አትጠቀሙት።

መንገድ ላይ ጎርፍ ካገኛችሁ እግረኛ ሲሻገር ጠብቁ። ከጉልበት በታች ቢሆንም እንኳ የሚሮጥ ውሃ ለትንሽ መኪና ብዙ ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህሉ አንስቶ ሊወስዳት ይችላል። ቁሙ። ጎርፉ በአንድ ሁለት ሰዓት ይወርዳል።

ዲላ ላይ፣ እንደገናም ቡሌ ሆራ ላይ፣ ከሞያሌ የመጡ የጭነት መኪና ሹፌሮችን ስለመንገዱ ጠይቁ። የጉጂና የቦረና አካባቢ ጸጥታ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ እነሱ «ዛሬ አትሂዱ» ካሉ ክርክር አያስፈልግም።

ከቡሌ ሆራ ያቤሎ፣ ከያቤሎ ሜጋ፣ ከሜጋ ሞያሌ እያንዳንዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለማስታወስ ይመቻል። ሰማዩ ይከፈታል፣ አፈሩ ይቀላል፣ ግመል ይጀምራል። ያቤሎ ላይ ነዳጅ ሙሉ። ሞያሌ ከ11 ሰዓት በፊት ግቡና በኢትዮጵያ በኩል እደሩ።

ሞያሌ ማታ፦ የፊት መብራቱ

ይህን ሥራ ብዙ ሰው አይሠራውም፤ ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። መኪናውን ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ከግድግዳ 5 ሜትር ያህል አርቃችሁ በቀጥታ አቁሙና አጭር መብራት አብሩ። የብርሃኑን የላይ ጠርዝ ተመልከቱ፦ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄድና በቀኝ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ የወጣው ክፍል ኢትዮጵያ ውስጥ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን ያሳያችኋል። ኬንያ ግን በግራ ስለሚነዳ ያ ብርሃን የመጪውን ሹፌር ዓይን ነው የሚወጋው።

ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር ቴፕ ቁረጡ። አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍናችሁ በሌላው መስታወት ላይ ቴፑን ሳትለጥፉ ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱ፤ ሌላ ሰው ግድግዳውን ይይ። የወጣው ክፍል የሚጠፋበት ቦታ ላይ ለጥፉት፤ ለሁለተኛውም እንዲሁ። ውስጡ ክብ ሌንስ ያለው መብራት ከሆነ ማስተካከያ ሊኖረው ስለሚችል የመኪናውን መጽሐፍ እዩ።

ሦስተኛው ቀን፦ ድንበሩ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ሁኑ። የሞያሌው የጋራ ድንበር ጣቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. ተመርቋል፤ አሠራሩ የሁለቱን አገር ጉዳይ በሚገቡበት አገር በኩል ባለው አንድ ሕንፃ መጨረስ ነው። ወደ ኬንያ ስትሄዱ የኢትዮጵያ መውጫ ማኅተምና የኬንያ መግቢያ ማኅተም እዚያው ይመታሉ። የመኪናው ጉዳይ ግን ከሰው ጉዳይ ይረዝማልና ሾፌሩ ከኢትዮጵያ ጉምሩክ ይጀምር፤ የመውጫ ፈቃዱ ላይ ማኅተም ሳያርፍ ወደ ኬንያው ጉዳይ አትለፉ። የኢሚግሬሽኑና የቢጫ ወባ ካርዱ ጉዳይ ካለቀ በኋላ የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ለመኪናው ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ላይ ሦስት ነገር እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፦ የታርጋው ቁጥር፣ የሻንሲው ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን። የታርጋው የአማርኛ ፊደል ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ስህተት ይገባል፤ ያ ስህተት ስትመለሱ ነው ጣጣ የሚሆነው።

ብር ይዞ ለመውጣት ገደብ ስላለ የውጭ ምንዛሪውን ከባንክ ደረሰኝ ጋር ያዙ። ተሻግራችሁ መጀመሪያ የምትሠሩት በፓስፖርት የኬንያ ሲም ማውጣትና ኤምፔሳ መክፈት ነው፤ ከማደያ እስከ ሻይ ቤት የሚከፈለው በሱ ነው። ማደያ ላይ «ቤንዚን» ሳይሆን «ፔትሮል» ወይም «ሱፐር» በሉ፤ ናፍጣው «ዲዝል» ነው። ቀጂው አፍንጫውን ከማስገባቱ በፊት ወርዳችሁ እዩ።

እስከ ማርሳቢት ድረስ ከስዋሂሊ ይልቅ ኦሮምኛ ይሠራል። ስዋሂሊው ላይ ኩሾቶ ግራ፣ ኩሊያ ቀኝ፣ ማቱታ የፍጥነት መግቻ ጉብታ ነው። ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደኛው ነው፦ ሳ ምቢሊ ሲሉ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ያንኑ ሰዓት 8 ይሉታል፤ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አስተውሉ።

በግራ መንዳት

ከዝናቡም ከበረሃውም የሚበልጠው አደጋ ይህ ነው። መሪው በግራ የሆነ መኪና ይዛችሁ በግራ ስትነዱ ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። አገር ቤት ክርናችሁ ወደ መሀል መስመሩ ነበር፤ እዚህ ክርናችሁ ሣሩ ጋ መሆን አለበት። ክርናችሁ መሀል መስመሩ ጋ ከሆነ በተሳሳተው በኩል ናችሁ።

ስህተቱ መኪና በበዛበት መንገድ አይመጣም፤ የፊቱን ተከትሎ መሄድ ነው። የሚመጣው ከማደያ ስትወጡ፣ ምሳ በልታችሁ ስትነሱ፣ ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ ስትገቡ ነው። መሪው ላይ በግራ በኩል ነጭ ቴፕ ለጥፉ፤ በተነሳችሁ ቁጥር ጋቢና የተቀመጠው ሰው «ግራ» ይበል። አደባባይ በሰዓት መዞሪያ አቅጣጫ ይዞራል፤ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው።

መቅደም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከጭነት መኪና ኋላ ተጠግታችሁ ከሆነ ከግራ ወንበር ምንም አይታይም። አራት ሰኮንድ ያህል ራቁ፤ ከቀኝ የተቀመጠው መጪውን ቀድሞ ያያል። እሱ «ባዶ ነው» ቢልም ሾፌሩ በዓይኑ ሳያይ አይውጣ። የፊቱ ከባድ መኪና በሚያበራው ፍሬቻ አትመኑ፦ መሀል መስመሩ የሚገኝበት ጎን ስለተገለበጠ አገር ቤት «እለፍ» የሚባልበት የቀኝ ፍሬቻ እዚህ «አትውጣ» ሊሆን ይችላል።

በከተማና በመንደር ውስጥ ወሰኑ 50 ነው፤ ፖሊስ በራዳር ይለካል። ቀበቶ ለኋላ ወንበርም ግዴታ ነው።

ከሞያሌ ማርሳቢት፣ ከማርሳቢት ናንዩኪ

ከቱርቢ በኋላ ዲዳ ገልገሉ ይጀምራል፤ ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት ሜዳ፣ ጥላ የሌለው። በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መሀል ያለው ቆላ ነፋሱን እንደ በር ያጠብበውና ያፈጥነዋል፤ በዚሁ በማርሳቢት አውራጃ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ለዚህ ነው። ወደ ደቡብ ስትነዱ ነፋሱ ከግራ ከፊት ይመጣል። መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ከ80 አትለፉ። ጭነት መኪና ስትቀድሙ ከጎኑ እያላችሁ ነፋሱ ይቆማል፤ አፍንጫውን ስታልፉ በአንዴ መትቶ ወደ ቀኝ ይገፋችኋል። ፖርታባጋዥ ላይ የታሰረ ሸራ እዚህ ነው የሚቀደድ፤ ማታውኑ በሁለት ገመድ እሰሩት። በሩን ስትከፍቱም ያዙት፤ ነፋስ በር ይገነጥላል።

ኔትወርክ በየመሀሉ ይጠፋል፤ ካርታውን ሞያሌ ላይ አውርዱ።

ማርሳቢት ደን የለበሰ ተራራ ላይ ናት። ከበረሃው ወጥታችሁ በግማሽ ሰዓት ጭጋግ ውስጥ መግባት እዚህ ያለ ነው። አድራችሁ ጠዋት ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉ፣ ጎማ ለኩ፣ ነዳጅ ሙሉ። በነሐሴ መጀመሪያ የፍልሰታ ጾም ላይ ከሆናችሁ ቻፓቲ፣ ባቄላ በሩዝ፣ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) ከሱኩማ ዊኪ (ጎመን) ጋር በየመንገዱ አለ፤ ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ እንደሌለው ጠይቁ።

ከማርሳቢት ኢሲዮሎ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ነው። በሎግሎጎ፣ በላይሳሚስና በመሪሌ ያልፋል፤ በየቦታው ደረቅ የወንዝ ሸለቆ አለ። በኦሮምኛ ላጋ ነው፤ ኬንያውያኑም ሉጋ ይሉታል። ሐምሌ ላይ ይደርቃል፤ ቢሆንም አሸዋው ላይ ጥላ ፍለጋ ወርዳችሁ አትቁሙ። ከአርቸርስ ፖስት በኋላ በሳምቡሩና በባፈሎ ስፕሪንግስ ጥብቅ ቦታዎች አጠገብ ስታልፉ ዝሆን መንገድ ሊሻገር ይችላል፤ ሞተር ሳታጠፉ ርቃችሁ ጠብቁ፣ ጥሩምባ አታሰሙ።

ኢሲዮሎ ላይ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ከ1,100 ሜትር ተነስቶ በኬንያ ተራራ ጎን ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል፤ በበረሃ ግሎ የመጣ ሞተር የሚፈላው እዚህ ዳገት ላይ ነው። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታ ካለፈ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ማርሽ ቀንሱ። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ኮፈኑን ክፈቱ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ቢያንስ 40 ደቂቃ አትንኩት። የሚፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ዳገቱን ስትጨርሱ ቲሸርቱ አይበቃም፤ ጋቢውን ከላይ ያኖራችሁት ለዚህ ነው። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ምልክት አለ፤ ፎቶ አንሱና ተኙ።

አምስተኛው ቀንና መልሱ

ከናንዩኪ ናይሮቢ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ በካራቲና፣ በሳጋናና በቲካ ያልፋል። ቀላል የሚመስለው ቀን ለመሪ ግን ከባዱ ነው፦ ካፊያ፣ ማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ)፣ በቲካው አውራ ጎዳና ላይ ብዙ መስመር። ግራውን መስመር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ግቡ። አደጋ ቢደርስ 999 ወይም 112 ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ፖሊስ 991፣ አምቡላንስ 907።

ስትመለሱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በናንዩኪና በኢሲዮሎ መሀል ካለችው ቲማው ወደ ኢሲዮሎ ቁልቁል በማርሽ ውረዱ፤ በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁ ሸራው ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም። የኬንያው ፈቃድ ቀኑ ከማለፉ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ድንበር ድረሱ፤ ቅዳሜና እሁድ፣ የታመመ ጎማና የተዘጋ መንገድ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ከመብራቱ ላይ ቴፑን ንቀሉ። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ከቡሌ ሆራ በኋላ ጭቃው ስትሄዱ ካያችሁት ብሶ ይጠብቃችኋል። ሞያሌ ላይ ጉምሩክ መኪናው መመለሱን የመዘገበበትን ወረቀት ተቀብላችሁ አዲስ አበባ ስትገቡ ዋስትና ያስያዛችሁበት ቢሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋስትናው በራሱ አይሰረዝም።